በሞረድ የገባች ካሴት

ኮቦ ውስጥ የውሃ ፓምፕ ቀጥ ሲል የሚጠራው ሰው እኔ ነኝ። ኢድሪስ እባላለሁ። ራሴን ላሞግስ ብዬ አይደለም፤ ይህን ካላወቃችሁ ቀጥሎ የሠራሁት ጅልነት ከየት እንደመጣ አይገባችሁም። ሜዳችን ላይ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያጠጡት ፓምፖች ከየአገሩ ተለቃቅመው የመጡ ናቸው። የአንዱ መለዋወጫ ሲጠፋ የሌላውን አምጥቼ፣ አልገባም ያለውን ጎን በሞረድ ፍቄ፣ ጠበበ ያለውን ቀዳዳ አስፍቼ እገጥመዋለሁ። ፓምፑም ይነሳል፤ ገበሬውም መርቆኝ ይሄዳል። ከጅዳ ከተመለስሁ ጀምሮ ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ስሠራ ሞረዴ ያላሸነፈው ዕቃ አላጋጠመኝም ነበር። በዚህም ልቤ ትንሽ አብጦ ነበር፤ ዋሽቼ ምን ላገኝ።

ጅዳ የነበርኩት ከባለቤቴ ከዘሀራ ጋር ነው። ልጃችን ሩቂያ እዚያው ተወለደች። ሁለት ዓመቷ ሳለ እኔ የመኖሪያ ወረቀት ስላልነበረኝ ተይዤ ወደ አገሬ ተላክሁ። ዘሀራ ቀረች፤ በሰው ቤት እየሠራች ልጅቷን አሳደገች። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አባትነቴ በስልክ ነበር። "ትምህርት እንዴት ነው?" እላለሁ፤ "ደህና" ትላለች፤ ከዚያ ሁለታችንም የምንለው ይጠፋናል። በመጨረሻ ዘሀራ "ልጄ አንተ ጋ ትሁን፤ እኔም ነገሬን ጨርሼ እከተላለሁ" አለችና ከአንዲት ተመላሽ ጎረቤቷ ጋር ላከቻት።

መናኸሪያ ቆሜ ስጠብቅ ሮጣ አንገቴ ላይ የምትጠመጠም መስሎኝ ነበር። ሩቂያ ከአውቶቡሱ ወርዳ እጇን ዘረጋችና ጨበጠችኝ። የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሳትሆን የወረዳ እንግዳ ነበር የምትመስለው።

እኔም ብልህ ሰው ብሆን ኖሮ ዝም ብዬ እጠብቅ ነበር። ከመጣችበት ቀን ጀምሮ ማስተካከል ያዝሁ። አማርኛዋ ውስጥ አረብኛ ሲገባ አስተካክላለሁ። ለትልቅ ሰው "አንቺ" ስትል አስተካክላለሁ። የማሽላ እንጀራ ስትቆነጥር "እንዲህ አይደለም፣ እንዲህ ነው" እላለሁ። ጎረቤት ያለችው እህቴ ፋጡማ "ተው አቦ፣ ልጅቱን አየር አታሳጣት" ስትለኝም አልሰማሁም። ሩቂያ ቀስ በቀስ መናገር ተወች። ቀኑን ሙሉ ታጥፎ የሚከፈት፣ ሁለት መስታወት ያለው የእጅ ጌም ይዛ ጥግ ትቀመጣለች። በመጣች በሳምንቷ ደግሞ እሱም ከባጃጅ ላይ አስፋልት ላይ ወደቀባትና ከኋላ የመጣ የጭነት መኪና ጨፈለቀው። የተረፉት በትንሽ ቦርሳዋ የያዘቻቸው አራት ካሴቶች ብቻ ናቸው። ካሴት የምላችሁ ጨዋታው ያለበትን የጥፍር ያህል ፕላስቲክ ነው።

በማግስቱ ምሽት ዘሀራ ደወለች።

"ኢድሪስ፣ ልጄ ስታለቅስ አደረች አሉኝ። ከመጣች ሁለት ሳምንት እስክትሞላ ትየው። ካልለመደችህ ወንድሜ ጀማል በሚመጣው ዓርብ ከጁምዓ በኋላ መጥቶ ዋጃ እናቴ ጋ ይውሰዳት። እዚያ እኩዮቿ አሉ።"

"ከእኔ ቤት ወስዶ?" አልኩ።

"ካንተ ቤት ሳይሆን ከብቸኝነት ወስዶ" አለችኝ።

እውነቷን ነበር።

ዓርብ ሊደርስ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ረቡዕ ጠዋት፣ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ጌሙን ከተካሁላት ልቧን አገኛለሁ! ገበያ ወርጄ ተመላሾች የሚያመጡትን ዕቃ የሚሸጠውን ሰው ጠየቅሁት። ከሳጥኑ ሥር ፈልጎ አንድ አወጣልኝ። ይታጠፋል፤ ሁለት መስታወት አለው፤ ካሴት የሚገባበት ቀዳዳም በዚያው ቦታ ነው። የተጨፈለቀውን ከኪሴ አውጥቼ ጎን ለጎን ሳስተያያቸው ወንድማማች ናቸው። ገዛሁት። እየተጣደፍሁ ወደ ቤት ስመለስ ሰው ሰላም ሲለኝ እንኳ አልመለስሁም መሰለኝ።

ሩቂያ ፋጡማ ጋ ነበረች። ስትመለስ ሁሉም ነገር ተዘጋጅቶ እንዲጠብቃት ፈለግሁ። የመጀመሪያዋን ካሴት አስገባሁ፤ ገባች፤ በራ፤ ሙዚቃው ተነሳ። ሁለተኛዋም፣ ሦስተኛዋም እንደዚያው። ለብቻዬ ስስቅ ብታዩኝ ያመመኝ ይመስላችሁ ነበር። አራተኛዋ ግን እምቢ አለች። ገልብጬ አየኋት። ከሦስቱ የምትለየው በአንድ ነገር ነው፤ ጥግዋ ላይ ትንሽ ጉጥ አለቻት። ጉጧ ከቀዳዳው ጠርዝ ጋር ተጋጭታ አታስገባም።

ውድ አንባቢዎቼ፣ ከዚህ በኋላ ያደረግሁትን ገምታችሁታል። ሞረዴን አወጣሁ።

እየተጠነቀቅሁ ፋቅኋት። ነጭ ብናኝ ጉልበቴ ላይ ረገፈ። ጉጧ ጠፍታ ጎኑ ልሙጥ ሲሆን እንደገና ሞከርሁ፤ ጠቅ ብላ ገባች። "ሞረድ የማያሸንፈው!" አልኩ ጮክ ብዬ። ከዚያ መስታወቱ ላይ ጽሑፍ ወጣ። ምን እንደሚል ስላልገባኝ አወጣሁ፣ አስገባሁ፣ አጠፋሁ፣ አበራሁ። ያው ጽሑፍ።

ሩቂያ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ምን ያህል እንደቆመች አላውቅም። መጀመሪያ ጌሙን አየች፤ ፊቷ በራ። ቀጥላ ጉልበቴ ላይ ያለውን ብናኝ አየች።

"ምን አደረግህ?"

"ገዛሁልሽ! ሦስቱ ሠርተዋል። ይህች ትንሽ እምቢ ብላኝ ..."

ካሴቷን ነጠቀችኝ። ልሙጡን ጎን በጣቷ ዳሰሰችው። ጮኸች። የምትለው በሚጣደፍ አረብኛ ነበርና አብዛኛው አልገባኝም፤ "ኡሚ፣ ኡሚ" የሚለው ብቻ ገባኝ፤ እናቴ ማለቷ ነው። ካሴቷን ደረቷ ላይ ይዛ እየሮጠች ፋጡማ ቤት ገባች። ተከትያት ስደርስ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራለች።

"ኻላስ" አለች ሳትዞር። በቃ ማለቷ ነው። "ዓርብን አልጠብቅም። አጎቴ ነገ ይምጣ።"

ፋጡማ በዓይኗ ገረፈችኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን "ለአንዲት ላስቲክ ነው ይህ ሁሉ?" ብዬ እቆጣ ነበር፤ ግልፍተኛ ነኝ። ያን ቀን ግን ፈራሁ። ልጄን በገዛ እጄ ፍቄ የጣልኋት መሰለኝ። አጠገቧ ምንጣፉ ላይ ተቀመጥሁና በአሥራ ሁለት ቀን ውስጥ አንድም ቀን ያላልኩትን አልኩ።

"ሩቂያ፣ አላወቅሁም። አስረጂኝ።"

ከዚያ ዞረችና አራቱን ካሴቶች ምንጣፉ ላይ ደረደረቻቸው።

"እነዚህ ሦስቱ የድሮ ናቸው። ይህች የአዲሱ ናት። የተሰበረው ጌሜ አዲሱ ነበር። አንተ ያመጣኸው የድሮው ነው።"

"አንድ አይደሉም እንዴ? ሁለቱም ይታጠፋሉ።"

"አዲሱ የድሮውን ካሴት ያነባል። ሲሠሩት የድሮውን እንዳይረሳ ብለው ነው የሠሩት። የድሮው ሲሠራ ግን ይህች ካሴት አልነበረችም። እንዴት ያውቃታል?"

"ጉጧስ?"

"ጉጧ አትግቢ ለማለት ናት። ተሳስተህ እንዳታስገባት።"

"ታዲያ ለእኔ ብጤው ጻፍ ቢያደርጉበት ምን ነበር" አልኩ።

ከንፈሯ ትንሽ ተንቀሳቀሰ። ሳቅ ነው አልልም፤ ወደ ሳቅ ያደላ ነገር ነው። ካሴቷ ውስጥ ምን እንዳለ ስጠይቃት ነገረችኝ። መንደር አለ። ሰው ቤት ይሠራበታል፣ ፍራፍሬ ይለቅምበታል፣ ዓሣ ያጠምድበታል። ዘሀራ ሳምንቱን ሙሉ አሠሪዎቿ ቤት እያደረች የምትመጣው ለዓርብ ብቻ ስለነበር፣ ዓርብ ዓርብ አብረው ይጫወቱ ነበር። እናቷ እዚያ መንደር ውስጥ ቤት አላት። ልትልካት ስትል "ስናፍቅሽ ቤቴ ግቢ" ብላታለች።

"ያ ሁሉ ያለው ጌሙ ላይ አይደለም፣ እዚህ ውስጥ ነው" አለች ካሴቷን እያሳየችኝ።

"ሞታለች?" አልኩ ካሴቷን እያየሁ።

"አላውቅም። አዲሱ ውስጥ ገብታ ካልታየች አይታወቅም።"

"እንግዲያው ነገ አዲሱን እንፈልጋለን። አጎትሽ ዓርብ ይምጣ። አንድ ቀን ስጪኝ።"

ካሴቶቹን አንድ በአንድ ወደ ቦርሳዋ መለሰች። "አንድ ቀን" አለች።

ሐሙስ ጠዋት አብረን ገበያ ወረድን። ሻጩ የተጨፈለቀውን ካየ በኋላ ራሱን ወዘወዘ። "ይሄን የመሰለ አንድ ብቻ ነው የማውቀው። ሮቢት፣ አስፋልቱ ዳር ሻይ ቤት ያላቸው እትዬ አስካለ ጋ አለ። ስንቴ ጠይቄያቸዋለሁ፤ የልጄ ነው፣ አልሸጥም ይላሉ። አትልፉ" አለን። ሚኒባስ ላይ ተሳፈርን። ሩቂያ መስኮቱ ጋ ተቀምጣ ማሽላውን ታያለች። ስለ ማሽላው ላስተምራት አፌን ከፍቼ ዘጋሁት። ትንሽ ቆይታ ራሷ "ያ ምንድነው?" አለችኝ፤ እርሻው መሐል የቆመውን ማማ እያሳየችኝ። ወፍ የሚጠበቅበት ነው አልኳት። ከዚያ በኋላ እስከ ሮቢት ስትጠይቀኝ ሄደች።

እትዬ አስካለ ስልሳ ዓመት የሚሆናቸው፣ ማተብ ያሰሩ፣ ቀጠን ያሉ ሴት ናቸው። ሻይ ቤታቸው አውቶቡስ በቆመ ቁጥር ይሞላል፤ እኛ ስንደርስ ባዶ ነበር።

"ግቡ እንጂ ኸፀሐይ፣ ምን ያቆማችኋል? ኸየት ናችሁ?"

ከኮቦ መሆናችንን፣ የመጣንበትንም ነገርኳቸው። ፊታቸውን ቋጠሩ።

"አልሸጥም ብያለሁ። ልጄ ነው ኸጅዳ ያመጣው። አሁን ጅቡቲ ሥራ ላይ ነው። ባትሪው እንዳያብጥ አልፎ አልፎ ቻርጅ አድርጊልኝ ብሎኝ ሄደ። እሑድ እሑድ ኸቤተ ክርስቲያን መልስ ቻርጅ አደርገዋለሁ። በርቶ ሳየው የመጣ ይመስለኛል።"

"መግዛት አይደለም እትዬ፤ አንድ ጊዜ ብቻ እንድንሞክርበት ነው" አልኩ።

"የሷን ሲያስገቡበት የሱ ቢጠፋስ? እኔ ይሄን አላውቀው። ቢጠፋ ምን እለዋለሁ?"

እኔም አላውቀውም ነበር። ሩቂያ አንድ እርምጃ ቀረበቻቸው።

"ያንቺ ልጅ ጨዋታ ጌሙ ውስጥ ባለው ካሴት ላይ ነው ያለው። እኔ አውጥቼ እሰጥሻለሁ። አንቺ በእጅሽ ያዢው። የእኔን አይቼ ሳወጣ አንቺው መልሰሽ ታስገቢዋለሽ።"

ለስልሳ ዓመት እናት "አንቺ"! ምላሴን ነክሼ ዝም አልኩ። በሕይወቴ ከሠራኋቸው ጥሩ ነገሮች አንዱ ያ ዝምታ ነው። እትዬ አስካለ ነጠላቸውን አስተካክለው ወደ ጓዳ ገቡ። በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ይዘው ወጡ።

ሩቂያ የልጃቸውን ካሴት በሁለት ጣት አውጥታ መዳፋቸው ላይ አኖረችላቸው። ጨብጠው ደረታቸው ላይ ያዙት። ከዚያ የእኛን፣ ያችን በሞረድ የተጎዳችውን አስገባች። እኔ አላየሁም። ዓይኔን ጨፍኜ ያ ረቢ፣ ያ ረቢ እል ነበር።

ሙዚቃ ሰማሁ።

ዓይኔን ስገልጥ ሩቂያ አፏን በእጇ ሸፍናለች። መስታወቱ ላይ አረንጓዴ መንደር አለ። "ሠርታለች" አለች። "ጉጧን ብቻ ነው የበላሃት። ውስጧን አልነካኸውም።" እትዬ አስካለ እልል አሉ። የእሳቸውን እልልታ የሰማ አንድ ሾፌር ሠርግ አለ ወይ ብሎ አንገቱን አስገብቶ ሄደ።

"ና እይ" አለችኝ ልጄ። አጠገቧ ተጠጋሁ። ብዙ ቀን ሰው ስላልገባበት መንደሩን አረም ወርሶታል። መጀመሪያ የእናቷን ቤት አሳየችኝ፤ ውስጡ ምንጣፍ፣ አበባ፣ ትንሽ አልጋ አለው። ቀጥላ የራሷን አሳየችኝ። ከዚያ ወደ ወንዙ ወረደችና አንድ ሦስተኛ ቤት በር ላይ ቆመች። በሩ ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል ስም ተጽፏል።

"የማነው?" አልኩ።

"ያንተ።"

አነበብኩት። ኢድሪስ ይላል። "ኡሚ ናት አባትሽ ሲመጣ የሚገባበት ብላ ያስጀመረችው" አለች ሩቂያ። በሩን ከፈተችልኝ። ውስጡ ባዶ ነው፤ ወለሉና ግድግዳው ብቻ።

"ዕቃ የለውም" አለች ቀስ ብላ። "ምን እንደምትወድ አናውቅም ነበር።"

አለቀስሁ። ሰው ፊት፣ አስፋልት ዳር፣ ሻይ ቤት ውስጥ አለቀስሁ። እትዬ አስካለ "አብሽር ወንድሜ፣ አብሽር" እያሉ ጀርባዬን መታ መታ አደረጉኝ፤ እሳቸውም ዓይናቸውን በነጠላቸው እየጠረጉ ነበር።

ልንነሳ ስንል ሩቂያ የተናገረችውን አልረሳችም። ካሴቷን አወጣችና የልጃቸውን በእጃቸው እንዲያስገቡ አሳየቻቸው። በራ፤ ሁሉም እንደነበረ አለ። እትዬ አስካለ አጥፈው በጨርቁ ጠቀለሉትና ለሩቂያ ሰጧት።

"ውሰጂው። ቻርጁን ኸኔ አንቺ ታውቂበታለሽ። እሑድ እሑድ ግን ኸነአባትሽ ትመጫለሽ፤ የሱን ትከፍችልኛለሽ።"

"እትዬ፣ እንዴት ይሆናል? ልጅዎስ?" አልኩ።

"ለልጄ የምለውን እኔ አውቃለሁ። ሰው ነው የወለድሁት።"

ዓርብ ከጁምዓ መልስ ጀማል ከዋጃ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። ፈርጣማ፣ ደግ ሰው ነው። ለሩቂያ ጫማ ይዞላት መጥቷል። እኔ እንድትቀር አልለመንኋትም። ሌሊቱን አስቤበት መምረጥ የሷ መብት ነው ብዬ ወስኜ ነበር።

"በይ እንግዲህ የእህቴ ልጅ፣ ዕቃሽን ያዢ። አያትሽ በር በሩን እያየች ነው" አላት።

ሩቂያ ምንጣፉ ላይ እንደተቀመጠች ጌሙን ከፍታ መስታወቱን ወደ እሱ አዞረችለት።

"ይህ የአባቴ ቤት ነው። ገና ዕቃ አላስገባንለትም። ዛሬ ጀምረናል። ለዒድ አያቴን ልጠይቃት እመጣለሁ።"

ጀማል ጎንበስ ብሎ ባዶውን ክፍል አየ። መሐሉ ላይ ጠዋት ያስገባነው አንድ ወንበር ብቻ አለ። ቀና ብሎ እኔን አየኝ፤ ሳያስበው ሳቀ። "አንተ ሰውዬ፣ ዘጠኝ ዓመት አገርህ ኖረህ ያለህ አንድ ወንበር ነው እንዴ?" አለኝና ጫማውን ለሩቂያ ሰጥቶ፣ ምሳ በልቶ ብቻውን ወደ ዋጃ ተመለሰ።

ከዚያ ወዲህ ዓመታት አልፈዋል። የእትዬ አስካለ ልጅ ከጅቡቲ መጥቶ ጌሙን ወስዷል፤ ሩቂያም ሌላ አግኝታለች፤ ዘሀራም አልሀምዱሊላህ አገሯ ገብታለች። በፓምፕ ላይ አሁንም ሞረድ እጠቀማለሁ፤ ብረት አይቀየመኝም። ከልጅ ላይ ግን አነሳሁት። እናንተም ከሩቅ አገር የመጣ ልጅ ተቀብላችሁ ከሆነ፣ ከቤታችሁ ጋር ለመግጠም አትቸኩሉ። እኔ አሮጌው ነበርኩ፤ እሷ የመጣችው እኔ ከተሠራሁ በኋላ ነው። እሷን ማንበብ አቅቶኝ ጥፋቱን በሷ ላይ አደረግሁት። እሷ ግን እኔን እንዳትረሳ ተደርጋ ነው ያደገችው።

ይህን ያደረገችው ዘሀራ ናት። እኔ እዚህ በስልክ "ደህና ናት?" ብዬ ስዘጋ፣ እሷ በሳምንት አንድ የዕረፍት ቀኗ ላይ ቁጭ ብላ ለማታውቀኝ ልጅ ስሜን በር ላይ ትጽፍ ነበር። ውለታዋን ከፍዬ አልጨርሰውም፤ ልከፍለውም አልሞክርም። ዓርብ ሲሆን ሥራዬን ዘግቼ ቀድሜ ቤት እገባለሁ፤ ሦስታችንም እንቀመጣለን።